ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል

ጫማ ሰሪው ቡሹን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ጥቂት ያሽና በአውራ ጣቱ ዳብሶ መልሶ ያሻል። የስምንት ዓመት ልጁ ከጠረጴዛው ማዶ አገጯን በመዳፎቿ ደግፋ ታየዋለች። ብናኙ እንዳይበተን ከሥር ጋዜጣ አንጥፈዋል፤ እናትየው ከሥራ ስትመለስ ምንም ማየት የለባትም።

«አባዬ፣ አልበቃም?»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። እንዳይቆረቁርሽ ብዬ ነው።»

የጫማውን የውጭ ሶል አስቀድሞ አወፍሮታል። ቡሹን ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ማስቲሽ ቀብቶ ውስጠኛውን ሶል ከላዩ አለበሰው። ልጅቷ አጠለቀችና ክሩን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሰረች፤ ሳትጠየቅ ሄዳ የበሩ መቃን ላይ ተለጠፈች። ሜትሩን ከወለሉ እስከ አናቷ ዘረጋው።

«መቶ ሃያ።»

«ፀጉሬን ሳትቆጥር?»

«ፀጉርሽን ሳልቆጥር።»

በደስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ለእማዬ አንነግራትም አይደል? የኔና ያንተ ነው አይደል?»

«የኔና ያንቺ ነው» አላት። ከዚያ በፊት አባትና ልጅ የብቻቸው የሆነ ነገር ኖሯቸው አያውቅም ነበር።

ሰውየው የሚሠራው ከአጥንት ሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ እግራቸው ያጠረባቸው ሰዎች ይመጡና የጎደለውን ይሞላላቸዋል፤ ከውስጥ በቡሽ፣ ከውጭ ሶሉን በማወፈር፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው መንገድ ለመንገድ እንዲሄዱ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛው «ጫማህ ውስጥ ምን አለ?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ዐምና ወደ መዝናኛ ፓርኩ ሲሄዱ ስድስት ሰዓት በአውቶብስ፣ ሁለት ሰዓት በሰልፍ ፈጅተው፣ ልጆች ሁሉ «ዘንዶው» ከሚሉት የሚገለባበጥ ባቡር አፍ ላይ ደረሱ። እዚያ ዱላ የያዘች ሴት አለች። ዱላው መቶ ሃያ ሳንቲሜትር ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ አናቱ መስመሩን ያልነካ ልጅ አያልፍም። ልጅቷ አልነካችም። ቤት ውስጥ በፍቅር የወጣላትን «ሚጢጢ» የሚለውን ስም የክፍል ጓደኞቿ ሰምተው መሳለቂያ ካደረጉት ቆይቷል። ዘንዶው ላይ ወጥታ እንደምትመለስ ለክፍሉ ሁሉ ተናግራ ነበር። አውቶብሱ ውስጥ ስታለቅስ መጣች። እናትየው ስድስቱን ሰዓት ሙሉ ደረቷ ላይ ለጥፋት ከርማ፣ ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ ወደ ባሏ ዞረች። «እሱ ላይ እስክትወጣ ድረስ በየዓመቱ እንመጣለን። ሰማኸኝ?»

ሰምቷል። በዓመት ያለችው የዕረፍት ጊዜ አንዲት ሳምንት ናት። ሰው የተሰበሰበበት ቦታና ጩኸት ይጠላል፤ ያችን ሳምንት በሩን ዘግቶ በዝምታ ቢያሳልፋት ሌላ ነገር አይመኝም ነበር። «በየዓመቱ» የምትለው ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ስትቆረቁረው ከረመች። ዘንድሮ ጉዞው ሲቃረብ ልጅቷ ተለካች። መቶ አሥራ ስድስት ከግማሽ።

«እንግዲህ ለከርሞም ነን በሉኛ!» ብላ እናትየው ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቡሹን ይዞ የመጣው በማግስቱ ነው።

ፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰዉ ከሰው ተጣብቆ ይሄዳል፤ ከየአቅጣጫው የተለያየ ሙዚቃ ይጮሃል። ልጅቷ በአዲሱ ጫማዋ እንደ ትልቅ ሰው እየተራመደች፣ በየጥቂቱ ዞር ብላ አባቷን ትጠቅሰዋለች። ሁለቱን ዓይኖቿን ነው የምትጨፍነው፤ አንዱን ብቻ መጨፈን ገና አልቻለችበትም።

ሰውየው ከአውቶብሱ ጀምሮ ሲነጫነጭ ነው የመጣው። መጀመሪያ ወንበሩ ጠበበው። ቀጥሎ ሙቀቱ። ከዚያ ራሱን አመመው።

«ወገብህንስ አላመመህም?» አለችው ሚስቱ፣ የሰልፉን ጫፍ በዓይኗ እየፈለገች። «ስንመጣ ወገብ ሳትል ቀርተህ አታውቅም።»

«ሰልፉን እዪው እስቲ። ማታም አይደርሰን።»

«አንተ ሰው፣ ልጅህ ዓመት ሙሉ ቀን የቆጠረችበት ነው። ለሁለት ሰዓት ሳቅ ብትል ጥርስህ አይረግፍም።»

ልጅቷ በመሀላቸው ገብታ የሁለቱንም እጅ ያዘች። «አባዬ፣ ዛሬ ከወጣሁ በኋላም ሌላ ጊዜ እንመጣለን?»

«እናያለን።»

«በአባትሽ ቋንቋ እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው» አለች እናትየው፤ ከኋላቸው የተሰለፈች፣ በካርቶን ቁራጭ የምታራግብ ወፍራም ሴትም ሳቀች። «ውይ፣ የኔም ባል እንዲሁ ነው! ጭራሽ እኔ ዘንድሮ ቤት ጥዬው መጣሁ።»

ሰልፉ ሲጠማዘዝ ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ አጠገብ አደረሳቸው። በመሀል ያለው የሽቦ አጥር ብቻ ነው። ሰውየው ሌላ የሚያየው ስላጣ መቀመጫዎቹን ማየት ጀመረ።

ሁለት ሁለት ሰው ይቀመጣል። ትንሽ ልጅ ከሆነ አጠገቡ ትልቅ ሰው። ከዚያ አንድ ብረት ከፊት ወርዶ ሁለቱም ጭን ላይ ቋ! ብሎ ይቆለፋል። አንድ ብረት ነው ለሁለት። አንድ አባት ከወንድ ልጁ ጋር ተቀመጠ፤ ብረቱ ወርዶ የአባትየው ጭን ላይ ቆመ። ልጁ ጭን ላይ ግን ሳይደርስ ቀረ። ጫማ ሰሪው ዓይኑን አጠበበ። የሰው እግርና ጫማ መሀል ያለ ክፍተት በዓይን መለካት እንጀራው ነው፤ እዚያ አራት ጣት ክፍት ቦታ ነበር። ልጁ ረዘም ያለ ስለነበረ ጉልበቱ ከፊት ካለው ቆርቆሮ ገጥሞ ይዞታል። ባቡሩ ወጣ፤ አናቱ ላይ ደርሶ ተገለበጠ፤ ጩኸቱ ወረደባቸው።

ጫማ ሰሪው የሽቦውን አጥር ጨበጠ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዱላውን የበር ጠባቂ ጣጣ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ማህተም ጎደለህ፣ ነገ ተመለስ እንደሚባለው ያለ። ሰው እዚያ ብረት ውስጥ መቆየት አለመቆየቱን የሚለካ ነው ብሎ አላሰበም። ጫማ ቁመት ይጨምራል እንጂ ጭን አያወፍርም። ጉልበትም አያስረዝምም። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ ደልደል ያለች ናት። ብረቱ እሷ ላይ ነው የሚቆመው።

«ስሚ፣ እንውጣ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን?»

«ይቅር። ደስ አላለኝም። አደገኛ ነው።»

«ጀመረህ!» ድምጿን አልቀነሰችም። «ወንበር ጠበበህ፣ ሞቀህ፣ ራስህን አመመህ፣ አሁን ደግሞ አደገኛ ሆነ። ስትፈልግ ሂድና ጥላ ሥር ተቀመጥ።»

«ሙች፣ የምሬን ነው።»

«አንተ መቼ ቀልደህ ታውቃለህ?»

ባለካርቶኗ ሴት ሳቋን አፏ ውስጥ አፈነች። ቀኑን ሙሉ በሐሰት የከፈተውን አፍ አሁን ለእውነት ሲፈልገው ማንም የሚሰማው አልነበረም። እውነቱን መንገር ይችል ነበር፤ ቡሹን። ግን ልጅቷ ቀና ብላ እያየችው ነው፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ሚስጥሩን አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዛ። ባለዱላዋ ታውቅበታለች ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሥራዋ ነው፣ አንዴ አይታ ታውቃለች።

ተራቸው ደረሰ። ባለዱላዋ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴት ናት። ዱላውን ልጅቷ ጀርባ ላይ አቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች። ሰውየው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው እንዲታወቅበት ተመኘ።

«እንዴት ያለ የሚያምር ጫማ ነው!» አለች ባለዱላዋ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ልክክ ብለሻል። እለፊ።»

ልጅቷ ዞር ብላ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ጠቀሰችው፤ ከእናቷ ጋር እየሮጠች ገባች። እሱ ሻንጣውን ተሸክሞ አጥሩ ጋ ቀረ።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብረቱ ወረደ። እናትየው ጭን ላይ ቋ! አለ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ያዘችው፤ ከሥሩ ግን ክፍተት ብቻ ሳይሆን ሌላ ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ጉልበቷ ቆርቆሮውን አልነካም። ሠራተኛው ወደ ማስነሻው ሲሄድ ሰውየው ሻንጣውን ጥሎ አጥሩን በሁለት እጁ ነቀነቀው።

«አቁም! አቁም! አታስነሳ!»

ሙዚቃው እንኳ የተቋረጠ መሰለው። ባለዱላዋ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ ጋሼ? ምን አገኘህ?»

«ልጄ አልደረሰችም።»

«እኔው ለካኋት እኮ!»

«ጫማዋን አስወልቂያት» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው። «ጫማው ውስጥ ነው።»

ልጅቷን አወረዷት። ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየ ክሯን ፈታች፤ ማንም አላገዛት። በካልሲዋ ቆማ ዱላው ሲጠጋት፣ ቀዩ መስመር ከአናቷ በላይ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል አየር ላይ ቀረ።

«የገዛ አባቷ ነው ያጋለጣት!» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሌላው አፏጨ። አንድ ሕፃን «አጭበርባሪ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጫማዋን በክሩ አንጠልጥላ፣ አባቷን አልፋው ሄደች።

ዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ሲደርሱ እናትየው ጫማውን ተቀብላ እጇን ውስጥ ከተተች። ሶሉን ዳበሰች። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሥራህ ነው።»

«አዎ።»

«የኔና የአባዬ ሚስጥር ነበር» አለች ልጅቷ ለእናቷ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «እንድወጣ ብሎ ነው የሠራልኝ። ስለሚወደኝ ነው። ከዚያ ደግሞ ራሱ ተናገረ።»

እናትየው ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች።

«ለእሷ ብለህ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ሳትቆጣ። «ዘንድሮ ልገላገለው ብለህ ነው። ከርሞ ላለመምጣት።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እውነት ነው አባዬ?»

አይደለም ማለት ቀላል ነበር። አፉን ከፈተ። ያ የተዘረጋ ሜትር፣ ያ የቡሽ ብናኝ፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት እጆች፤ እነሱም እውነት ነበሩ። ግን ቡሹን ይዞ የመጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ተጠየቀ እንጂ ስለሌላው የጠየቀው የለም።

«መጀመሪያ እንደዚያ ነበር» አለ።

«በኋላስ?»

በኋላ የሆነውን እንዴት እንደሚነገር አያውቅም ነበር። ልጅቷ እጇን እናቷ እጅ ውስጥ አስገባች።

እናትየው ከሻንጣው ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያው የያዘችውን ነጠላ ጫማ አውጥታ አጠለቀችላት። ለልጅቷ እግር ጀልባ ሆነ። «ነዪ፣ አይስክሬም እንብላ። ለከርሞ ታድጊያለሽ፤ እኔና አንቺ እንመጣለን።»

«ሁለታችን ብቻ?»

«ሁለታችን ብቻ። አባትሽ ቤቱ ይረፍ።»

ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረውን ነገር በሁለት ቃል ሰጠችው። ሊያመሰግናት ቢፈልግ እንኳ ዞራለች። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«ያንን ነገር አውጣልኝ» አለች፣ ወደ ጫማው እንጂ ወደ እሱ ሳታይ። «ነገ የማደርገው ሌላ የለኝም።»

በነጠላ ጫማው መሬቱን እየጎተተች ሰው መሀል ገባች። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ዘንዶው ከአናቱ በላይ እየጮኸ ያልፋል። ከኪሱ ሰንጢውን አወጣ። ውስጠኛውን ሶል በጥፍሩ ገለጠ፤ ማስቲሹ ጠንክሮ ስለነበር ታገለው። ቡሹ ሲወጣ ላዩ ላይ የተረከዟ ጉድጓድ፣ ከፊቱ አምስት ትንንሽ የጣቶቿ ጉድጓዶች ታትመዋል። የግራውንም አወጣ። ከዚያ ከውጭ የጨመረውን ሶል በሰንጢው ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያለ ላጠው፤ ዋናውን እንዳይቆርጠው ተጠነቀቀ።

ማስቲሽ ስላልያዘ ውስጠኛውን ሶል መልሶ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። እጁን እስከ ጣቱ ጫፍ አስገብቶ የሚቆረቁር ነገር መቅረት አለመቅረቱን አየ። ምንም አልነበረም። ክሮቹን አላልቶ፣ ልጅቷ ስትመጣ ሳትታገል እንድታጠልቃቸው አፋቸውን ከፈተ፤ ጫማዎቹን ጎን ለጎን አጋጥሞ አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸው።