ሰባት ሰከንድ

ጊዮክሉን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሏ ከቲያምሁክ ጀርባ በስኩተር ተፈናጥጣ ስትሄድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስትለው ኖራለች፤ ፍጠን እንጂ! ሰውየው ግን ፍጠን ቢሉት የሚፈጥን ዓይነት አልነበረም። በታይናን ከተማ ዳርቻ፣ በአሳ ኩሬዎቹ መሀል በሚያልፈው መንገድ፣ ቲያምሁክን ዳክዬ ይቀድመዋል እየተባለ ይቀለድበታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቀን የእውነት ዳክዬ ቀድሞታል። ጊዮክሉን ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የእሱ መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ምን አስቸኮለሽ፣ አሳው እንደሆነ ተኝቷል።

ባለፈው ዓመት የቲያምሁክ ዓይን ከዳው። ሐኪሙ፣ ሩቁ ስለሚደበዝዝበት፣ ከጎን የሚመጣውንም ስለማያይ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ ከለከለው። ኩሬው ደግሞ ከቤታቸው አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አሳ ጠዋትም ማታም መቀለብ አለበት። በዋና ከተማዋ በታይፔ ያለው ልጃቸው ቺሚንግ፣ ኩሬውን ሽጡና እኔ ዘንድ ኑ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል አለ አላቸው። ልጁ ደግ ነው፣ ስለሱ ክፉ አይወጣኝም። ግን እስኪ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ቲያምሁክን የመሰለ ሰው ምን ይሠራል? እሱ አልተከራከረም። የኩሬ ቦት ጫማውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። ጊዮክሉን ያንን ጥቅል አየችው።

በማግስቱ ለልጇ ደወለችና፣ በጨረቃ አቆጣጠር እስከሚመጣው አዲስ ዓመት ድረስ ታገሠኝ፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው አለችው። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ! ልጁ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ካላወጣች ግን ለበዓሉ መጥቶ ጠቅልሎ ሊወስዳቸው ተስማሙ።

እስከዚያው አሳውን ጎረቤት ይቀልብላቸዋል። ልምምዱ በሰፈሩ ቤተ መቅደስ ግቢ ነበር። መፍጠኑንማ ማን ብሏት፤ ነዳጅ ስትሰጠው ትከንፋለች። በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ያሰጣውን ነጭ ሽንኩርት ጠርምሳ አልፋለች። ጣጣው ፈተናው ነው። እዚያ አገር የስኩተር ፈተና የሚከብደው መፍጠን ሳይሆን መንቀርፈፍ ነው። አሥራ አምስት ሜትር በሆነች ቀጭን መንገድ፣ መስመር ሳይነኩ፣ እግር መሬት ሳያወርዱ፣ ከሰባት ሰከንድ ባላነሰ ጊዜ ማለፍ ግድ ይላል። ቶሎ የደረሰ ወደቀ ማለት ነው።

ቲያምሁክ ግቢው ጫፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሞተሩ ድምፅ ሰከንድ ይቆጥርላታል። እጇ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ስኩተሩ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ እንዳትወድቅ ነዳጅ ትሰጣለች፤ በአራት ሰከንድ ጫፍ ትደርሳለች። አንቺ እኮ አትነጂውም፣ ታባርሪዋለሽ እያለ ይስቅባታል።

መጀመሪያ ስትፈተን በአራት ሰከንድ ጨረሰችና ፈተናውን ወደቀች። ሁለተኛው ላይ አምስት ሰከንድ ቆይታ እግሯን አወረደች። ለበዓሉ ስድስት ቀን ሲቀር ለሦስተኛው ሄደች። በፈተናው ዋዜማ ቺሚንግ የባቡር ትኬት መቁረጡን ነግሯት ስለነበር እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

ቲያምሁክ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ጊዮክሉን የራሳቸውን አሮጌ ስኩተር አስነስታ መስመሩ መነሻ ላይ ቆመች። ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ በፊት ሁለቴ የጣሏት ሌሎች ነበሩ። ወረቀቷን ይዛ ልጅቷ ለአፍታ አየቻትና ቀረብ አለች።

«እማማ፣ ፊት ያለውን ቦታ ለማን ነው የተዉት?»

ጊዮክሉን ዝቅ ብላ አየች። እውነትም መቀመጫው ላይ ወደ ኋላ ተለጥፋ፣ እጇን እስኪያማት ዘርግታ ነው መሪውን የያዘችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ! ሁለት ወር ሙሉ የባሏን ቦታ ባዶ ትታ ስትለማመድ፣ እሱ አያይ፣ እሷ አታውቅ። እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው።

ወደ ፊት ተጠጋች። መቀመጫው እዚያ ጋ በቲያምሁክ ልክ ጎድጎድ ብሏል። ተመቻት። መሪው ደረቷ አጠገብ መጣ፤ እጇም መንቀጥቀጡን ተወ። የጀርባዋ ባዶነት ግን ፍጠኚ እንጂ የሚላት መሰላት። ጊዮክሉን በልቧ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ አሳው ተኝቷል አለችና ፍሬኑን በስሱ ለቀቀች። ስኩተሩ እንደ ባለቤቱ ተጎተተ። ጫፍ ስትደርስ ፈታኟ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰውዬ ድምፁን ሰምቶ ቆጥሮ ጨርሷል፤ ገና ማንም ሳይነግረው ባርኔጣውን አውልቆ ያውለበልባል።

ቺሚንግ ለበዓሉ መጣ፣ በልቶ ጠጥቶ ብቻውን ተመለሰ። ልጁን በሸኙ ማግስት ማለዳ ቲያምሁክ ጋዜጣውን ፈቶ ቦቱን አጠለቀና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚስቱ ኋላ ተፈናጠጠ። ወገቧን ያዘ። በኩሬዎቹ መሀል ጥቂት እንደሄዱ አንድ ዳክዬ ከነጫጩቶቿ በጎናቸው አለፈች። እሱ ባያያትም ድምፅዋን ሰምቷል።

«ፍጠኚ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ» አላት።

«ምን አስቸኮለህ?» አለች ጊዮክሉን።