በሰማይ ላይ «በሞቴ» የሚል የለም

ዊልቸሩን ያየሁት ገና ከታክሲው ሳልወርድ ነው። አንድ ጎልማሳ ይዞት የኤርፖርቱ በር ላይ ቆሟል።

«የታመመ ሰው አለ መሰለኝ፤ እግዜር ይማረው» አልኩ።

ሴቷ ልጄ ሻንጣዬን እያወረደች አቀረቀረች። «ላንቺ ነው እማዬ። ወንድሜ ነው ያዘዘልሽ።»

«አልፈልግም ብዬው አልነበረም እንዴ!»

«አንቺ ደግሞ መቼ እፈልጋለሁ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። የኔ እናት አይ ማለትን እንደ ጸሎት ነው ያስጠናችኝ። በሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ሲባል ነው ወደ ማዕዱ የሚጠጉት። እንዲህ ስግደረደር ዕድሜዬን ጨረስኩ። ልጆቼ ካፖርት ገዝተው ሲያመጡልኝ «ምን ያደርግልኛል፣ መልሱት» አልኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ከላዬ አልወረደም። ፍሪጅ ሲያመጡልኝ «አይ፣ ቤቱን ያጣብብብኛል» አልኩ፤ ዛሬ ሰው በሩን ከፍቶ ሲቆይ የምጮኸው እኔ ነኝ። የኔ አይ በልጆቼ ዘንድ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ባለፈው ወንዱ ልጄ ከሚኖርበት አገር ደውሎ «እማዬ፣ ሱቁን ዝጊና ጠቅልለሽ እኔ ጋ ነይ» አለኝ። ሱቁ የልብስ ስፌት ሱቄ ነው፤ አንድ በር፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት አንድ መጋረጃ። ባሌ ከሞተ በኋላ ሁለቱን ልጆች ያሳደግኩት በሱ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ነው ነፍሴ መለስ የምትልልኝ። ሰፈርተኛው «እትዬ መቀስ» ይለኛል፤ ለእጄ ይሁን ለምላሴ ጠይቄ አላውቅም።

«አይ ልጄ፣ አልዘጋም» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ፣ እሺ፣ ትንሽ ተግደርደሪ ደግሞ።»

ከዚያ ትኬቱ መጣ፤ መሄጃ ብቻ፣ መመለሻ የሌለው። ሴቷ ልጄም ሱቁን የሚከራይ ሰው ፈልጋ አግኝታ ጠበቀችኝ። «አላከራይም!» ብዬ ብጮህ «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» ብላ ሳቀችብኝ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ «ብቻሽን መሆን አትችይም።» ዊልቸሩ ያንገበገበኝ ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጬ ልጄ እንደ ሻንጣ ከተረከበኝ በምን አፌ ነው የምከራከረው? የሱቁን ቁልፍ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ልጄ ናፍቆኛል፣ የልጅ ልጄንም ገና አላቀፍኩትም፤ እሄዳለሁ። ግን በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ ብዬ ምዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

መሐላዬ በሩ ላይ ፈረሰ። ሴቷ ልጄ እንባዋን ዘረገፈችው። «በሞቴ እማዬ! ብትጠፊ ምን ይውጠኛል?» ስትለኝ አንጀቴ አልችል አለ። ተቀመጥኩ።

ከተቀመጥኩ በኋላ ሰው መሆኔ ቀረ። ሁሉም ከራሴ በላይ፣ ከኋላዬ ላለው ገፊ ማውራት ጀመረ። ፈታሿ «ጫማቸውን ማውለቅ ይችላሉ?» አለችው። ቀጠለችና ደግሞ «ይሰማሉ?» አለች።

«መስማት እሰማለሁ! ጫማም አወልቃለሁ! ከፈለግሽ እጨፍርልሻለሁ!» አልኳት።

አልሳቀችም። ይልቅ ቦርሳዬን ከፍታ መቀሴን መዘዘችው። «ይሄ አይገባም» አለች፤ አሁንም ለሱ ነው የነገረችው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጨርቅ የቆረጥኩበት መቀስ ከጥፍር መቁረጫና ከሽቶ ጠርሙስ ጋር ሳጥን ውስጥ ሲወረወር «ኧረ ለልጄ ስጡልኝ፣ በሩ ላይ ናት!» ብዬ ልነሳ ስል ገፊው ትከሻዬን ጫን አድርጎ «ይረጋጉ እማማ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቆሜ ቢሆን ኖሮ ማንም እንዲህ አይጫነኝም ነበር። ከሥራ ዕቃዬ የተረፈችኝ አንገቴ ላይ ያለችው የልክ መውሰጃ ሜትሬ ብቻ ናት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው አንድ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ፣ ወፍራም፣ የክንድ መደገፊያውን ገና ሳልቀመጥ የወረሰ። ጫማውን አወለቀ፣ ወፍራም ካልሲ አደረገ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ትራስ ጠመጠመና ቤቱ የገባ ሰው ሆኖ ተዘረጋ። እኔ ቀበቶውን እንኳ በሱ እርዳታ ነው ያሰርኩት።

ከተነሳን በኋላ ሆስተሷ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። የሰው አገር ልጅ ናት፤ ቋንቋ አንግባባም። ምግቡን እያሳየችኝ ፈገግ አለች። ጠዋት በንዴት ቁርስ አልበላሁም፤ ሽታው ምራቄን አመጣው። እኔ ግን እንደ ልማዴ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኖ፣ ኖ» አልኳት። ከማውቃቸው ጥቂት የባዕድ ቃላት አንዷ ናት።

«ኦኬ» ብላ ሄደች።

ሄደች! ቀጣዩን አይ ልል አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ነጋዴው የሰሃኑን ክዳን አነሳ፤ ሩዝ፣ ዶሮ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ኬክ ሳይቀር። ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ተመለሰችም፤ ባዶ ሰሃን ልትሰበስብ።

ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። ለሩዙ ብቻ አይደለም። መቀሴ ሄዷል፣ ሱቄ ሊሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰማይ ላይ ተንጠልጥዬ «በሞቴ» የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ነጋዴው ዞር አለ። «ምነው እናቴ፣ አመመዎት?»

«ራበኝ!» አልኩ በቁጣ።

«ታዲያ ምነው አልበላም አሉ?»

«አንዴ ነው'ኮ ያልኩት!»

ሰውዬው ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እናቴ፣ እዚህ ሰማይ ላይ በሞቴ የሚል የለም። አንዴ አይ ካሉ አይ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እኔም መጀመሪያ ስሄድ እንዲሁ ስግደረደር ጦሜን ነው የደረስኩት። ከራስዎ በላይ ያለችውን የመጥሪያ መብራት ይጫኑና ይጠይቁ።»

«አሁን? እምቢ ካልኩ በኋላ? ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትል። ይሉኝታ እታች ነው የቀረው።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ መብራቷን ተጫንኩ። ልጅቷ መጣች። ወደ ሆዴ፣ ወደ አፌ ጠቆምኩላትና «የስ» አልኩ። ያለ ልመና፣ በመጀመሪያው! ፊቴ እሳት ሆነ። እሷ እቴ፣ ምንም ሳይመስላት ሰሃኑን አምጥታ አስቀመጠችልኝ። በላሁ። ዳቦም አስጨመርኩ።

ኬኩ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ወንድሜ» አልኩት ነጋዴውን፣ «እዚህ አይ ካልኩ ማንም አይለምነኝም ነው የምትለኝ?»

«ማንም።»

«ሻይም ቢሆን? ብርድ ልብስም ቢሆን? ዊልቸርም ቢሆን?»

«ምንም ቢሆን» አለና አንቀላፋ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ልምምድ ሆነ። ሻይ? የስ። ቡና? ኖ። ብርድ ልብስ? የስ፣ የስ። ሆስተሷ በአይዬ ሳትከራከረኝ፣ በአዎዬ ሳትገረምብኝ ታልፋለች። እንዲህ ያለ ክብር በገዛ ቤቴ አግኝቼ አላውቅም። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን እሺን በቦታው የማይል ሰው እምቢውም ዋጋ የለውም። ይሄን ለማወቅ ይሄን ሁሉ ዓመት መኖሬ አናደደኝ።

መንገዱ ግን አያልቅም። ፀሐይዋ አብራን እየተጓዘች አልጠልቅ አለች። እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ አለኝ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ቁርጭምጭሚቴን ለካሁትና ለደንበኛ እንደምለው «ይሰፋል» አልኩ። ነጋዴው አንድ ዓይኑን ገልጦ «ተነስተው ይራመዱ እንጂ፣ ደም ይረጋል» አለኝ። ተነሳሁ። የሰው ወንበር እየያዝኩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። መሀል ላይ አውሮፕላኑ ሲናጥ አንድ የማላውቀውን ሰው ራስ ጨበጥኩ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ይቅርታ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ስናርፍ በሩ ላይ ሌላ ዊልቸር ከሌላ ገፊ ጋር ቆሟል፤ ስሜ የተጻፈበት ወረቀትም ይዟል። ነጋዴው ሌላ አውሮፕላን ስለሚጠብቀው «ይበርቱ እናቴ!» ብሎኝ ሮጠ። ገፊው ወንበሩን መታ መታ አድርጎ ጋበዘኝ። የጫማዬ ማሰሪያ እንደተፈታ ነው፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ መላ አካላቴ ተቀመጪ ይለኛል።

«ኖ» አልኩት። አንዴ።

«ኦኬ» አለና ባዶውን ወንበር እየገፋ ሄደ።

አልዋሽም፣ ደነገጥኩ። ልጠራውም ምንም አልቀረኝ። ግን ቃሌ እንደዚያ ተከብሮ ሲሄድ ማየቱ ደስ አለኝና ተውኩት።

ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አብራን ወርዳ ነበር፤ አረንጓዴ ሻሿን ምልክት አድርጌ ተከተልኳት። መጸዳጃ ቤት ስትገባ ገባሁ፣ ስትወጣ ወጣሁ። የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ስደርስ እግሬን ላንሳ አላንሳ ስል ሰው ከኋላዬ ተከማቸ፤ አማትቤ ረገጥኩት። የፓስፖርቱ ሰልፍ ላይ የአገሩ ሰዎች መስመር ገብቼ ኖሮ ተራዬ ሲደርስ መለሱኝ። «ኤዲያ!» ብዬ እንደገና ከኋላ ተሰለፍኩ። መኮንኑ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ሕፃን እንደማቀፍ ክንዴን አጥፌ እሹሩሩ አሳየሁት፤ ሳቀና ማህተሙን መታልኝ። ሻንጣዬን ያገኘሁት እጀታው ላይ በሰፋሁበት አበባማ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ልጄ ከብረቱ አጥር ጀርባ ቆሟል። ጠጉሩ ጎንና ጎኑን ሸብቷል፤ ይሄን በስልክ ማንም አልነገረኝም። ግን ወደ እኔ አያይም። ዊልቸር በወጣ ቁጥር ጎንበስ እያለ ያያል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። እሱ አሁንም ዝቅ ብሎ ዊልቸር ላይ ይፈልገኛል።

«ማንን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

ቀና አለ። «እማዬ! ዊልቸሩስ?»

«አልፈልግም አልኩት፣ ሄደ።»

«እንዴት ዝም ብሎ ይሄዳል?»

«ሰምቶኝ ነዋ» አልኩና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሁለታችንም አለቀስን።

ቤቱ እንደገባን የተዘጋጀልኝን ክፍል አሳየኝ። አዲስ አልጋ፣ ሰፊ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የልጆቼ ፎቶ። «ይኸው፣ ያንቺ ነው እማዬ። ሱቁንም ተከራዩ በዚህ ወር ይረከባል። ቁልፉ ግን ካንቺ ጋ ነው አለችኝ እህቴ።» ቁልፉን በልብሴ ላይ ዳሰስኩት። ገበታ ቀርቦ ነበርና የልጅ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ሚስቱ ጭልፋውን ይዛ «እማዬ፣ ትንሽ ላውጣልዎት?» አለች። ለልመናው ከወዲሁ ተዘጋጅታለች።

«አዎ፣ አውጪልኝ» አልኩ። «ጨምሪበት።»

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። ልጄ ደንግጦ አየኝ። «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ካሁን ወዲያ አዎ ካልኩ አዎ ነው። ክፍሉ ያምራል፣ ወድጄዋለሁ፣ ይሄን ልጅ እስክጠግበው እተኛበታለሁ። ሱቁን ግን አልዘጋም፣ አላከራይም፣ ቁልፉንም አልሰጥም። አይ።»

ልጄ የለመደውን ፈገግታ ፈገግ አለ። «እሺ፣ እሺ፣ ወግ ነው ሲዳ…» ብሎ ጀመረና ሰሃኔን አየ። ሙሉ ነው። ሳልለመን እየበላሁ ነው። ፈገግታው እዚያው ላይ ቀረ።

«ብቻሽን ትሆኛለሽ ብዬ እኮ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈርቼ ነው እማዬ።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም ፈርቻለሁ። እየፈራሁ ነው በእግሬ የመጣሁት።»

ጠበቀ። ሁለተኛውን አይ እየጠበቀ ነው፤ ከዚያ በሞቴ ሊለኝ፣ ከዚያ እኔ እሺ ልል። እኔ ጎረስኩ። ምግቡ ጨው ጎድሎታል።

«ጨው አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ። እጁን ከጨው ዕቃው ላይ ሳያነሳ ሚስቱን አየ፣ ማሰሪያው የተፈታውን ጫማዬን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«መመለሻው ለመቼ ይሁን?» አለ።