አንድ ረድፍ ሴራሚክ

ሽመክት ሰበታ ላይ የሠራው ቤት ወለሉ ገና ጎርበጥባጣ ኮንክሪት ነበር። እሑድ እናቱ ከሆስፒታል ወጥታ እዚህ ልትገባ ነው፤ ዊልቸሯ ደግሞ በዚህ ወለል ላይ አይገፋም።

ሴራሚክ የሚያነጥፍለት ዲሪርሳ ከበሩ ሥር አንድ ረድፍ ደርድሮ "መጣሁ" እንዳለ ጠፋ። ሲደወልለት ሁልጊዜ ቡራዩ ሌላ ሥራ ላይ ነው።

"ከጀመርኩልህ ምን ያስጨንቅሃል ወንድሜ? የትም አልሄድ።"

ሽመክት ታግሦ ታግሦ ሲሰለቸው ከተፍኪ ኦቦ ቦሩ የሚባሉ ሌላ አንጣፊ አስጠራ። ሽማግሌው ሙያተኛ ረድፉን አዩና ቦርሳቸውን እንኳን ሳያወርዱ "ይሄ ባለቤት አለው" አሉት።

"ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ኦቦ ቦሩ።"

"አንተ የቤቱ ነህ። የሥራው ባለቤት የጀመረው ሰው ነው። ሰው የጀመረውን መንካት እኛ ሙያተኞች ዘንድ ነውር ነው።"

"ባይጀመርስ ኖሮ?"

"ያልተጀመረማ የማንም ነው።"

ሽመክት መዶሻና መሮ አምጥቶ ተንበረከከ። ደህና የተነጠፈ ነገር መስበር ቢከብደውም እሑድን እያሰበ አንድ በአንድ ነቀለው። ኦቦ ቦሩ ወለሉ ተጠርጎ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሲሚንቶ አቡክተው፣ በውሃ ልክ እየለኩ፣ ከበሩ ሥር አንድ ረድፍ አሳምረው ደረደሩ። እጃቸውን ታጥበውም ቦርሳቸውን አነሱ።

"ወዴት ነው፣ ኦቦ?"

"ሱሉልታ የጀመርኩት አለ፤ ደረስ ብዬ ልምጣ። አይዞህ ልጄ፣ አሁን ማንም አይነካብህም።"

ሽመክት መዶሻውን ወደ ቦታው ሊመልስ አንሥቶት ነበር፤ ተወውና እዚያው በሩ አጠገብ አስቀመጠው።