ያልተመለሰ ምልክት

እህቴ ኤልቪራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የከተማችን የሮዛሪዮ ሽማግሌዎች ግማሾቹ ሥጋ የሚያኝኩት በእሷ ጥርስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ትጫወታለች። ይህን ሳወራ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። አንድ ቀን ከእሷ ጋር ጠረጴዛ የተጋራ ሰው ግን አይስቅም።

ከፖከር በፊት ትሩኮ ነበር። ትሩኮ ሁለት ለሁለት ሆነው የሚጫወቱት ካርታ ነው፤ አጋሮች የያዙትን በፊታቸው ምልክት ይነጋገራሉ። የሚከለክል የለም፤ ዋናው ነገር ባላጋራ እንዳያይ ነው። ቅንድብ ከፍ ካለ “ሰይፍ የተሳለባት አንድ ቁጥር እጄ ላይ ናት” ማለት ነው፤ ከእሷ የሚበልጥ ካርታ የለም። ሁለቱም ዓይኖች ከተጨፈኑ “ባዶ ነኝ፣ ምንም የለኝም” ማለት ነው። አጋር ምልክት ሲሰጥ መልስ መንፈግ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አባታችን አንሰልሞ ኤልቪራን በስምንት ዓመቷ አጋሩ አደረጋት። መጀመሪያ እኔን ሞክሮኝ ነበር። “አንተ ራሚሮ፣ ፊትህ ሬዲዮ ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል!” ብሎ አባረረኝ።

ሠላሳ ዓመት አብረው ተጫወቱ። የሰፈሩ ክበብ ውስጥ ሲገቡ ሰዎች ቀድመው ያጉረመርሙ ነበር። ኤልቪራ ፖከር ስትጀምር ግን አባዬ አኮረፈ።

“አጋር የሌለው ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው? ብቻሽን ተጎልተሽ ትዋሻለሽ!”

“አንተስ? አንተ በጋራ ትዋሻለህ።”

“በጋራ ሲሆን እኮ ውሸት አይደለም፣ ጨዋታ ነው!”

“ቆይ ብቻ፣ የክፍለ አገሩን የፖከር ዋንጫ ይዤልህ እመጣለሁ።”

“አምጪው፤ የማቴ ሻዬን እጠጣበታለሁ።”

ከዚያ አባዬ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ በመጨረሻ ሰው። እኔን፣ አብሬው ስለምኖር ይሆናል፣ አልረሳኝም። ኤልቪራን ረሳት። ማክሰኞ ማክሰኞ ልትጠይቀው ስትመጣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ “እንደምን ዋሉ፣ እመቤት” ይላታል። ዕድሜ ልኳን አንቺ ሲላት የኖረ አባት እርስዎ ሲላት፣ ፈገግ ብላ “ደህና ነኝ፣ ዶን አንሰልሞ” ትለዋለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍተዋለች። ውሃው ለምን እንደሚፈስ አውቃለሁ።

ዘንድሮ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ለዋንጫው የመጨረሻ ጠረጴዛ ደረሰች። ጠዋት ደወለችልኝ።

“አባዬን ይዘኸው ና። ባያውቀኝም ዋንጫውን ስቀበል ይየኝ። ግን ራሚሮ፣ ከኋላዬ አስቀምጠው። ከፊቴ ካየሁት አልችልም።”

እሺ አልኳት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የአባዬ ጉልበት ደግሞ ብዙ አያስቆመውም። ባዶ ወንበር ያገኘሁት በተቃራኒው በኩል፣ ከአንዱ ባላጋራዋ ጀርባ ነበር። አስቀመጥኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ከቀትር በኋላ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እሷና ከፊታችን የተቀመጠው፣ ባሲሊዮ የሚባል የከብት ሐኪም። ላሚቱ የት ላይ እንዳመማት ዓይኗን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የእህቴንም ፊት እንደዚያው ያነብ ነበር። የጋራዎቹ አምስት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ኤልቪራ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙትን ቺፕ፣ ያላትን ሁሉ ወደ መሐል ገፋች። የያዘችው ሰባትና ሁለት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ ባዶ። ሐኪሙ ጥሩ ካርታ እንዳላት ካመነ የራሱን ይጥላል፤ ካላመነ ሁሉ ነገር አበቃ። አገጩን በእጁ ይዞ ፊቷ ላይ አፈጠጠ።

ያን ጊዜ አባዬ እጅጌዬን ጨመደደኝ።

“ራሚሮ! ያቺ... ያቺ ኤልቪሪታ አይደለችም እንዴ?”

ስምንት ወር ያልሰማሁት የቁልምጫ ስሟ ነው። ዞሬ ሳየው ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ክበቡ ጊዜ። እሷን እያየ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። “የሰይፏ አንድ አለችኝ፣ አንቺስ?” ማለቱ ነው።

አየችው። ማየቷን እኔም አየሁ። መልሱ አንድ ነበር፤ ሁለት ዓይን መጨፈን። ግን ሐኪሙም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ምልክቱን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። ዓይኗን ብትጨፍን “ባዶ ነኝ” ብላ እንደ መጮህ ነው።

አልጨፈነችም። አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም።

አባዬ ቅንድቡን ደግሞ አነሣ። ጠበቀ። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣ። “ጨፍኚ፣ ዋንጫው ገደል ይግባ!” ብዬ መጮህ ፈለግሁ፤ አልጮህኩም። ከዚያ ቅንድቡ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ትከሻውም አብሮ ወረደ።

“ተሳስቻለሁ” አለኝ። “የኔዋ ብትሆን ትመልስልኝ ነበር።”

በዚያው ቅጽበት ሐኪሙ ካርታውን ጣለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ለማሸነፍ ሩብ ሰዓትም አልፈጀባትም። ዋንጫውን ታቅፋ ሰው እየገፈተረች ወደ እኛ ሮጠች።

“አባዬ! አባዬ፣ አየሁህ እኮ!”

አባዬ ብድግ አለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

“እንኳን ደስ አለዎት፣ እመቤት።”

ከዚያ ወዲህ ካርታ አልነካችም። ዋንጫው እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ማቴ የጠጣበት የለም። አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከአባዬ ፊት ለፊት ትቀመጥና ሁለት ዓይኗን ትጨፍናለች። ጨፍና ትቆያለች። ሁልጊዜ ተነሥቼ የሆነ ነገር አጥባለሁ፤ ማየት አልችልም።

ያለፈው ማክሰኞ ግን አየሁ። አባዬ ማቴውን አስቀምጦ ትክ ብሎ ተመለከታት። ረጅም ጊዜ ነው የተመለከታት። በተጨፈነው ዓይኗ ሥር እንባው ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል።

አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“እኚህ እመቤት ደክሟቸዋል፣ ምስኪን” አለኝ በሹክሹክታ። “ተነሥና ቤታቸው ሸኛቸው፤ የሚጠብቃቸው አባት ይኖራቸው ይሆናል።”