አሥር ሴኮንድ

መብራቱ ድርግም አለ። ጽጌሬዳ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ስትደርስ ብልጭ አለና መልሶ ጠፋ። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጀርባ የተተከለው አዲሱ ጄኔሬተር ግን ድምፁን አላሰማም።

"ጋሽ ቦልቴ፣ ለምን አይነሳም?"

"ይቆጥራላ፣ መምህርት!" አሉ የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን። "አሥር ሊሞላ ሲል መብራት ይመጣል፤ ወዲያው ይሄዳል። እሱም ከአንድ ይጀምራል። ዝናብ ሲያስገመግም የሶዶ መብራት እንዲህ ነው፤ አታውቂም እንዴ?"

ታውቃለች እንጂ፣ እዚሁ አይደል ያደገችው! ሦስት ወር ሙሉ፣ የጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ ማድረግ ያለበትን በሒሳብ ቋንቋ መስመር በመስመር ስትጽፍ ግን ረሳችው። "መብራት ሳያቋርጥ አሥር ሴኮንድ ከጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳ" ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ሕጉን በየአቅጣጫው ፈትሾ እንከን አጣበት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥም ተጨበጨበላት። መሣሪያው አሁንም የታዘዘውን እየፈጸመ ነው። የተሳሳተችው እሷ ናት። እፍረትና ፍርሃት አንድ ላይ ያዟት።

ከዳሞት ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ብርሃኔ የርክክብ ወረቀቱን ይዘው መጡ። "ለምረቃው የሚመጡት እንግዶች ከዞን ተነስተዋል። በግንቦት ሃያ ዋዜማ አታዋርጂን፤ ፈርሚ። የቀረው በኋላ ይስተካከላል።"

"በኋላ ማለት ስንት ሴኮንድ ነው፣ ጋሼ?"

"እንከን የለውም ብለሽ ሪፖርት የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? ዛሬ ተሳሳትኩ ብትይ ነገ ማን ሥራ ይሰጥሻል?"

እውነታቸውን ነው። መብራቱ እንደገና ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ነርሷ አገርነሽ በሕፃናቱ ክፍል መስኮት ብቅ አለች። "ኧረ በጌታ! የኦክስጅን ማሽኑ በጠፋ ቁጥር እስኪያገግም ጊዜ ይፈጃል። የአንዱ ሕፃን ከንፈር እየጠቆረ ነው!"

ጽጌሬዳ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ "በራሱ" ከሚለው ወደ "በእጅ" አዞረችና ማስነሻውን ተጫነች። ጄኔሬተሩ አጓርቶ ተነሳ። የክፍሉ መብራት በራ፤ በራም ቀረ።

"እንግዶቹ ፊት በራሱ መነሳት አለበት እኮ! መልሺው!" አሉ አቶ ብርሃኔ።

ከበሩ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጽጌሬዳ ወረቀቱን ተቀብላ ከፊርማው ቦታ ላይ "ስህተቱ የእኔ ነው፤ ርክክብ አይደረግ" ብላ ጻፈችና ስሟን አሰፈረች። ከዚያም ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች።

"ጋሽ ቦልቴ፣ ለጠየቀ ሁሉ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ይበሉ" አለችና መቆጣጠሪያው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።