የተዘለለው ፌርማታ

ባልደረቦቹ «ጥሩምባው» የሚሉት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ጤና ጣቢያ የመጣው ለአንዲት ፊርማ ነው። ካገኛት መንጃ ፈቃዱ ይታደሳል፤ ካጣት ሃያ ሁለት ዓመት የጨበጠውን መሪ ለሌላ አስረክቦ ቤት መዋሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ለጠየቀችው ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። ልቡ ግን ድው ድው ትላለች፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

«እንቅልፍስ?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው!»

«ውሸቱን ነው» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ። «እየጮኸ ነው የሚባንነው። በር ጓ ካለ ይዘላል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጨጓራ ነው እያለ ሽሮፕ ይግታል።»

«ጨጓራ ነዋ! አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ስትወጂ!»

አይ የሰው ነገር! ገመናውን ሚስቱ ስታወጣበት እንዴት ይቆጣል! ሐኪሟ ግን የደም ግፊት መለኪያዋን አስቀምጣ፣ «እስቲ መስመርዎን ይንገሩኝ፤ ከጋራዡ እስከ መጨረሻው» አለችው።

ይቺማ ምን አላት! መስመሩን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። «ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ፖስታ ቤት፣ ስታዲየም፣ መናኸሪያ!» አለና ደረቱን ነፋ።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። «ትምህርት ቤቱስ?»

«ብዬዋለሁ እኮ!»

«ኧረ አላልክም።»

ሐኪሟ እንዲደግመው ጠየቀችው። ደገመው። አሁንም ከፖስታ ቤት ስታዲየም ገባ፤ ራሱ ሰማውና ደነገጠ።

«እዚያ አላቆምም» አለ በመጨረሻ። «ወራጅ ሲጮህ ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ።»

«ምን ሆኖ ነበር እዚያ?»

ከዘጠኝ ወር በፊት እዚያ የጭነት መኪና አንዲት ተማሪ እንደገደለ ሚስቱም ሰፈሩም ያውቃል። የቀረውን ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

«ፌርማታው ጋ አልደረስኩም ነበር። ‹ጋሼ፣ ረፍዶብኛል፣ እዚህ ጋ ያውርዱኝ› አለችኝ። አንጀቴን በላችውና በሩን ከፈትኩላት። በአውቶቡሱ ፊት ዞራ ስትሻገር…» ትንፋሽ አጠረው። «አሁንም መንገዱ መሃል ቆማ አያታለሁ። በቀን፣ ዓይኔ እያየ።»

ሚስቱ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ሐኪሟ ስለ ቅዠቱ፣ ስለ ድንጋጤው፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ አሁን አልዋሸም። «ይሄ ጨጓራ አይደለም፤ እብደትም አይደለም» አለችው። «ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው። ይታከማል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቅጹን በተመለከተ…»

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥሩምባው ወደ ሐኪሟ ገፋው።

«አይፈርሙ፣ ዶክተር» አለ። «ስልሳ ሰው ጭኜ ነው እኮ የማያት።»