ኮንቴይነሮቹ የቆሙበት ማሳ

እናቴ ሀብትነሽ እንዲህ ትላለች፦ አጎቴ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ቅኔ ሊያስተምር ወደ አዴት ሲሄድ ለአባቴ፣ «እኔ ከእንግዲህ እርፍ አልጨብጥም፤ ማሳው ያንተ ይሁን» ብሎታል። አባቴ በሬውን ሸጦ ነበር አጎቴን የዳረው፤ አጎቴ ማሳውን የሰጠውም ለዚህ ውለታ ነው። መሬት ሲለካ ማሳው በአባቴ በባዬ ስም በመሬት ደብተር ላይ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ምስክር ማን አለ ብትሏት፣ «እኔ ነኛ! እራታቸውን ሳቀርብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ትላለች።

የአጎቴ ሚስት ወለተ ሐና ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ መሬት የሚለኩት ሰዎች ሲመጡ ባላቸው አዴት ነበር፤ እሳቸው ልጃቸውን ያምሮትን ሊወልዱ ጅጋ እናታቸው ቤት ነበሩ። ባዬ፣ «እናንተ ስለሌላችሁ ለጊዜው በእኔ ስም ይያዝ፤ ስትመለሱ እመልሳለሁ» ብሎ ላከባቸው። ተመለሱ፤ ማሳው ግን አልተመለሰም። ምስክር ማን አለ ብትሏቸው፣ «እግዜር አለ፤ እሱ ደግሞ ቀበሌ አይመጣልኝም» ይላሉ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ሞተዋል። እኔ መሬቱ ሲለካ አራት ዓመቴ ነበር። ያምሮት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች።

ማሳው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ ነው። ዛሬ ጤፍ አይዘራበትም። ጠጠር ተደፍቶበት ሠላሳ ስድስት ኮንቴይነሮች ቆመውበታል፤ በየኮንቴይነሩ ቢትኮይን የሚያወጡ ማሽኖች ተደርድረዋል። ሰው ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቀኝ፣ «ቀን ከሌት ሒሳብ ያሰላሉ፤ ቀድሞ መልሱን ያገኘው በኢንተርኔት የሚላክ ገንዘብ ይታሰብለታል» እላለሁ። የደብራችን አስተዳዳሪ ቄስ ገብረሰንበት አንድ ጊዜ ይህን ሰምተው፣ «ሒሳቡ ሲያልቅ መልሱ ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ።  ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዙት ማራገቢያዎች ጩኸት ቅዳሴ መካከል ድረስ ይሰማል።

መሬቱ ለማሽኖቹ ድርጅት ሲወሰድ ሽማግሌዎች ካሣውን ለሁለት ከፈሉት። ማንም አልማለም፤ ማንም አልረካም። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ከተወሰደው ማሳ ሁሉ አንድ አንድ ልጅ ለመቅጠር ተስማማ። ካሣ ለሁለት ይከፈላል። ሥራ ግን ለሁለት አይከፈልም።

ማስታወቂያው በቴሌግራም የደረሰኝ ፍኖተ ሰላም ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንድ በር ሱቅ የሰው ስልክ እጠግን ነበር። «የማሽን ጥገና ቴክኒሻን፤ አንድ ሰው፤ ለተነሺ ቤተሰብ ቅድሚያ ይሰጣል» ይላል። ደመወዙን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያው ሰሞን ያምሮትም አነበበችው። እሷ እዚያው ፍኖተ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ተምራ በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ ይዛለች።

ቡሬ አጠገብ ያለው ቤታችንና ቤታቸው በአንድ አጥር ነው የሚለያዩት። ሁለታችንም ማመልከታችን በተሰማ በሳምንቱ፣ እኔ እናቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ፣ የእናቴ ዶሮ አንገቷ ተጠምዝዞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች።

«ድመትም ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«ድመት ናት አንገት ጠምዝዛ አጥር ላይ የምትሰቅል?» አለች እናቴ። «ኮሌጅ ያስተማሩህ ይህን ነው?»

በማግሥቱ ወለተ ሐና ያሰጡት በርበሬ ላይ አመድ ተበተነ። እናቴን አልጠየቅኳትም። እጇን ስትታጠብ አይቻለሁ።

ለፈተና የተጠራነው መንገዱ ክፍት በሆነ አንድ ሐሙስ ነው። ከፍኖተ ሰላም በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከያምሮት አጠገብ። ተቀመጥኩ። ቦርሳዋን አንስታ በመካከላችን አስቀመጠች።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«እስክትጠይቀኝ ደህና ነበርኩ።»

ከፍኖተ ሰላም ወጥተን ግማሹን መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ «አንተ ዲግሪ አለህ» አለች። «ባሕር ዳር ብትል፣ አዲስ አበባ ብትል ይሆንልሃል። ለእኛ ይህችን ብትተውልን ምን ትሆናለህ?»

«ዲግሪው ሦስት ዓመት ሙሉ የትም አላደረሰኝም።»

«መሬት የምትወስዱ እናንተ፤ ሥራ የምትወስዱ እናንተ።»

«ያምሮት፣ መሬቱ የማን እንደነበር በእርግጥ ታውቂያለሽ?»

ይህን ጊዜ ዞራ አየችኝ። «እናቴ የነገረችኝን አውቃለሁ። አንተስ?»

«እኔም እናቴ የነገረችኝን።»

«እንግዲያው እኩል ነን» አለችና ተመልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። 

የድርጅቱ የቅጥር ኃላፊ ሕሊና የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጆሮዋን በማፈኛ ሸፍና ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ከኮንቴይነር ውስጥ ሁለት የተበላሹ ማሽኖች አስወጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልንና፣ «አንድ ሰዓት አላችሁ፤ ምን እንደሆኑ ንገሩኝና አስነሷቸው» አለች። በመካከላችን አንድ ሳጥን መሣሪያ ነበር። ያምሮት እጇን ቀድማ ሰድዳ ያለችውን አንዲት ቀጭን ካቻቢቴ አነሳችና ብሎኖቿን ፈታች። ፈትታ ስትጨርስ ካቻቢቴውን ወንበሯ ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ስጪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

ሕሊና አይታለች።  እኔ በጥፍር መቁረጫዬ ጫፍ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በቴስተር ስለካ አንዱ ቦርድ ኃይል አያገኝም። ማገናኛው ላልቶ ነበር፤ ጠበቅ አድርጌ መለስኩት፤ ማሽኑ ተነሳ።

ያምሮት ግን ከእኔ በፊት ጨርሳ ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ቴስተር እንኳ አልነካችም። ማሽኑን ገልብጣ በእጇ መዳፍ መታ መታ ስታደርገው ጠረጴዛው ላይ እብቅ ረገፈ።

«ይኼ ምንድነው?» አለች ሕሊና።

«የጤፍ እብቅ ነው። አሁን ውቂያ ነው፤ ነፋሱ ከአውድማ ያመጣዋል። አየር መሳቢያው ሲደፈን ማሽኑ ይግልና ራሱን ያጠፋል። በአውድማው ወገን ያሉት ሁሉ እንደዚህ እየጠፉባችሁ አይደል?»

ሕሊና ኮንቴይነሮቹን ዞራ አየች። «አሥራ አንድ ጠፍተውብናል» አለች። ከዚያ ስማችንን ጻፈች። «ሁለታችሁም አልፋችኋል። እኔ ያለኝ ግን አንድ ቦታ ነው፤ የማሳው ባለቤት ልጅ የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ይዞ የመጣውን እቀጥራለሁ። እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት። ካልሆነ ከሌላ ማሳ የመጣ ልጅ አለ።»

ቀበሌ ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ደብተሩንም የካሣውን ወረቀትም ጎን ለጎን ዘረጋ። «ደብተሩ የባዬ ነው» አለ። «ካሣውን እኩል ስትወስዱ ግን ሁለታችንም ባለመሬት ነን ብላችሁ ፈርማችኋል። እኔ የቱን ፊርማ ልመን? ቄሱ ዘንድ ሂዱ። ለማለው እጽፋለሁ።»

ያምሮት በሩ ላይ ትከሻዬን ገፍታኝ ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቄስ ገብረሰንበት ቤታችን መጡ። እናቴ ተነሥታ፣ «አባታችን፣ እኔ ልማል፤ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች።

«የለም፣ ሀብትነሽ። የሚበላው ነው የሚምለው። ሥራውን የምትበይው አንቺ አይደለሽም። ደግሞ እናቶች ከማላችሁ ሁለታችሁም ትምላላችሁ፤ ይኼን ደብር ልታቃጥሉት ነው?»

እሳቸው ሲወጡ እናቴ ከፊቴ ተቀመጠች። የምለውን ደጋግማ አስጠናችኝ፦ ማሳው የአባቴ ነው፤ አጎቴ ወዶ ሰጥቶታል፤ ይህን ብዋሽ ዘሬ እንደ ጧፍ ይጥፋ።

«እኔ አልሰማሁም እኮ፣ እማ።»

«እኔ ሰምቻለሁ፤ ከእኔ ሆድ አይደለም የወጣኸው?»

«እርግጠኛ ነሽ? ያለው እንደዚያው ነው? ‹ያንተ ይሁን› ነው ወይስ ‹አንተ ያዘው›?»

 «ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ስትሰድበኝ ችያለሁ» አለች። «አሁን ደግሞ አንተ ጀመርክ?»



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ አልሄደም። ሰው በሥራ ሲከራከር ማየት የማይፈልግ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ በሁለት ወገን ቆሙ፤ የእናቴ ዘመዶች በቀኝ፣ የወለተ ሐና ዘመዶች በግራ። ከማዶ ማራገቢያዎቹ ያጓራሉ።

«ገና ሳይቀጠር ቀጭን ሱሪ ለበሰ» አለ ከግራ አንዱ።

«የናንተዋስ? ካቻቢቴ ሰርቃ መጣች ይባላል!» ተባለ ከቀኝ። ሰው ሳቀ። ያምሮት አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም።

አንድ ሽማግሌ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ለምን ትንሽ አትታገሡም?» ሲሉ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አጠበቁና፣ «ሃያ ዓመት አደረ እኮ! ስንት ይደር?» አሏቸው። 

ቄስ ገብረሰንበት ጧፍ አበሩ። «ገነነ፣ ጫማህን አውልቅና ቅረብ» አሉኝ።

ቀረብኩ። የበሩ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጧፉን ሰጡኝ።

«እንዲህ በል፦ ማሳው የአባቴ ነው፤ አጎቴ ወልደ ሥላሴ ወዶ ሰጥቶታል። ይህን ብዋሽ ዘሬ እንደዚህ ጧፍ ይጥፋ። ብለህ አጥፋው።»

«አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«እናቴ እንዲህ ብላ ነግራኛለች ብዬ ብምልስ?»

«እንደሱ አይማልም። የምታውቀውን ነው የምትምለው።»

«በል እንጂ!» አለች እናቴ ከኋላዬ።

ደመወዙን አሰብኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ሱቅ፣ የተሰበሩ ስልኮችን አሰብኩ። ሥራውን እንደምችለው አውቃለሁ። የቀለጠው የጧፉ ሰም ጣቴ ላይ ወረደ።

«አላውቅም» አልኩ። «የአባቴ ይሆናል፤ የአጎቴም ይሆናል። ስላላውቅ አልምልም።» ጧፉን ሳላጠፋ ለቄሱ መለስኩላቸው።

ወለተ ሐና እልል አሉ። «እሰይ! እናቱን ራሱ ዋሾ አላት!»

«አላልኩም» አልኩ፤ በእልልታው መካከል ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።

እናቴ አጠገቤ መጣች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «አላልክም» አለችኝ በቀስታ። «ግን ሰው ምን እንደሰማ አየህ? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዴት ብዬ ነው የምገባው?» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ዘመዶቿ እኔን እያዩ ተከተሏት፤ አንዱ ከእግሬ ሥር ምራቁን ተፋ።

ቄስ ገብረሰንበት ጧፉን እንደያዙ ወደ ግራ ዞሩ። «ያምሮት፣ አንቺስ? እሱ ስለተወ ብቻ አይሰጥሽም። የምታውቂ ከሆነ ነይና ማይ። የማታውቂ ከሆነ ሁለታችሁም ወደየቤታችሁ ግቡ፤ ሥራውም ለሌላ ይሂድ።»

ያምሮት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እናቷ በክርን ጎሸሟት። ያምሮት እኔን አየችኝ። ፊቷ በሚኒባሱ ውስጥ «እኩል ነን» ስትለኝ የነበረው ፊት ነበር፤ ያንኑ ቃል አሁንም የምትደግመው መሰለኝ። ከዚያ ከማዶ ወዳሉት ኮንቴይነሮች አየች፤ እብቅ የደፈናቸው አሥራ አንድ ማሽኖች ወዳሉበት ወገን።

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ እኔ የቆምኩበት ድንጋይ ላይ ወጣች። ራቅ በል ሳትለኝ ራቅ አልኩላት።

«ጧፉን ይስጡኝ፣ አባታችን» አለች፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከማራገቢያዎቹ በላይ አድርጋ። «እኔ እምላለሁ።»